አያትን ያስቀደመ ድጋፍ፦ የሦስት ወላጅ አልባ ልጆች ጉዳይ በደሴ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ደሴ ውስጥ ወላጅ ያጣ ልጅ ዞር ብሎ የሚያየው አያጣም። ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ያዋጣል፣ ከመስጊድ ዘካ፣ ከቤተ ክርስቲያን ምጽዋት ይወጣል፣ ጎረቤት ያበላል። በዓል ሲደርስ ዱቄትና ዘይት፣ መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ይታደላል። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ድጋፍ ሳይቋረጥበት፣ መድኃኒቱም በነፃ እየተሰጠው ጤናው ወደ ኋላ ተመለሰ። ምክንያቱ ሲጣራ የተገኘው ነገር በሌላ ሰፈርና በሌላ ከተማ ለሚሠሩ ማኅበራትም ስለሚጠቅም ጉዳዩ ከነዝርዝሩ እዚህ ሰፍሯል። ቤተሰቡን ለመጠበቅ ሲባል ስም፣ ቀበሌ፣ የጤና ተቋምና የፋብሪካ መጠሪያ አልተጠቀሰም።

ቤተሰቡ

ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የ14 ዓመት ሴት፣ የ10 ዓመት ወንድ፣ የ5 ዓመት ወንድ። አባታቸው የሞተው ትንሹ ገና ሳይድህ ነው። እናታቸው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ተራራ በየቀኑ እየወረደችና እየወጣች ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷንም በሥርዓት ትወስድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማገባደጃ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ልጆቿን ይዛ ተሰደደች። ስትመለስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መዝገብ ተበታትኗል። መድኃኒቱ ተቋርጦባት ሰውነቷ ተዳከመ፣ በላዩ ቲቢ ያዛት፣ ሕክምና የጀመረችውም ዘግይታ ስለነበር በ2015 አረፈች።

አሳዳጊያቸው የእናታቸው እናት ናቸው። ስልሳዎቹን አጋምሰዋል፣ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ገብስና ሽምብራ ቆልተው መናኸሪያ አካባቢ ይሸጣሉ፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሰኞ ገበያ ይውላሉ። የሚኖሩት በሟቿ ልጃቸው ስም በተያዘ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው።

ማሳደጊያ ወይስ ቤት

የሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር ጉዳዩን ሲይዝ በመጀመሪያው ስብሰባ የተነሳው ሐሳብ ልጆቹን ማሳደጊያ ማስገባት ነበር። ሐሳቡን ያነሱት ሰዎች በቅንነት ነው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ አያትየው ደክመዋል። ሆኖም የአገሪቱ የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። ማሳደጊያዎች ብዙ ጊዜ በዕድሜና በፆታ ለይተው ስለሚቀበሉም ሦስቱ አብረው የመኖራቸው ነገር አስተማማኝ አልነበረም። አያትየው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ «የልጄን ልጆች ሰጥቼ እኔ ለማን ልኖር ነው?»

ስለዚህ ድጋፉ ቤቱን ለማቆም እንዲሆን ተወሰነ። አምስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሁለት ከቅሬው፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ አንዲት መምህርት፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። የ10 ዓመቱን ልጅ የኤች አይ ቪ ሁኔታ እንዲያውቁ የተደረጉት አያትየው ፈቅደው የነገሯቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽኗና አንዲት የቅሬው እናት። የቀሩት «ክትትል ያለው ሕመም» ከሚለው በላይ አልተነገራቸውም። ይህ ገደብ ገና ሲጀመር መቀመጡ በኋላ ብዙ ወሬ አስቀርቷል።

በመጀመሪያው ማጣሪያ የታየው

እርዳታ ከመሰጠቱ በፊት ቤት ለቤት ጉብኝትና ምርመራ ተደረገ። ከቲቢ ታማሚ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተኛ ልጅ ሁሉ መመርመር አለበት። ሴቷና ትንሹ ልጅ ከኤች አይ ቪም ከቲቢም ነፃ ሆነው ተገኙ፤ የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ተጀመረላቸው። መካከለኛው ከእናቱ የተላለፈ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ አሁን የሳንባ ቲቢም ተገኘበት። ክብደቱ 21 ኪሎ፣ የክንዱ ዙሪያ ልኬት 16.8 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ከ16 በታች ከባድ፣ ከ16 እስከ 18.5 መካከለኛ የምግብ እጥረት ተብሎ ስለሚመደብ እሱ መካከለኛው ውስጥ ገባ።

መምህርቷ ደግሞ የሴቷን ልጅ ክፍል የስም መጥሪያ አስወጥታ ተመለከተች። ልጅቷ ሰነፍ ተብላ ነበር። የቀሪ ምልክቶቹ ግን በብዛት የተደረደሩት ሰኞ ላይ ነው። ሰኞ አያትየው ገበያ ስለሚውሉ ትንሹን የምትይዘው፣ የታመመውንም የምታበላው እሷ ነበረች። ምክር ከመስጠትና ደብተር ከመግዛት በፊት ይህን አንድ ወረቀት ማየቱ ብዙ ድካም አድኗል።

ወረቀት

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የከበደው፣ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሰጠውም የሰነድ ሥራ ነው። አያትየው ልጆቹን ያሳድጋሉ እንጂ በሕግ ፊት የልጆቹ ምንም አልነበሩም። ሞግዚት ካልሆኑ የሟቿን ጡረታ መጠየቅ፣ የቀበሌውን ቤት ውል ማዛወር፣ በልጆቹ ስም ሒሳብ መክፈት አይችሉም። ወላጆች ሲሞቱና በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከሌለ የቤተሰብ ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአያቶች ስለሆነ መብቱ ነበራቸው፤ የጎደለው የፍርድ ቤት ውሳኔው ነው።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ሄደ። መጀመሪያ የሁለቱም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት ወጣ። ቀጥሎ የልጆቹ የልደት ምዝገባ ተሟላ፤ ትንሹ ጨርሶ አልተመዘገበም ነበር። ከዚያ የሞግዚትነትና የወራሽነት ማመልከቻ በሦስት ምስክሮች ለፍርድ ቤት ቀረበ። ውሳኔው ሲገኝ ለቀበሌው ቤትና ለጡረታው ማመልከቻ ገባ።

መሐል ላይ ሥራውን ያስቆመው የስም ነገር ነው። ሟቿ በፋብሪካው ፋይል በአንድ ስም፣ በቀበሌ መታወቂያዋ በሌላ፣ በሕክምና ካርዷ ደግሞ ሰፈሩ በሚያውቃት የቤት ስሟ ተመዝግባለች። የወንድ አያቷ ስምም በአንዱ ሰነድ ላይ ፊደሉ ተለውጧል። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ስም መያዙ የተለመደ ስለሆነ ይህ ችግር በብዙ ቤት ይገኛል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት የኮሚቴ አባል መፍትሔውን ያውቁት ነበር፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ እንዲያረጋግጥ ሌላ ማመልከቻ ከሞግዚትነቱ ጋር አብሮ ይቀርባል። ለየብቻ ቢቀርብ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። በማመልከቻው ላይም ስሞቹ በየሰነዱ እንደተጻፉት፣ ፊደላቸው ሳይታረም ተዘርዝረዋል፤ «ትክክለኛው» ተብሎ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ቢቀርብ ሌላው ሰነድ እንደገና ጥያቄ ያስነሳል።

ጡረታው የተገኘው እናትየው ከአሥር ዓመት በላይ መዋጮ ስለተከፈለላት ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይከፈላል፤ አሥር ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሲሞት ልጆቹ እስከ 18 ዓመታቸው የተተኪ አበል ያገኛሉ። መጠኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ከሟች ጡረታ 20 በመቶ ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ከሞቱ 30 በመቶ ይሆናል። የፋብሪካ ደመወዝ ትንሽ ስለሆነ አበሉም ብዙ አይደለም። ሆኖም በየወሩ የሚመጣ፣ ማንም በጎ አድራጊ ሲሰለች የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። ልጆቹ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ይህን መብት ይዘው በልመና ዱቄት ይኖሩ ነበር።

ምግብና ገንዘብ

አበሉ እስኪጀመር ወርኃዊ ድጋፉ ሁለት ክፍል ነበረው። ለአራት ሰው ቤት 35 ኪሎ ጤፍና ማሽላ ድብልቅ፣ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ምስር፣ 3 ሊትር ዘይትና 30 እንቁላል ይቀርባል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርትና ለወፍጮ 2,000 ብር ይጨመራል። ለመካከለኛው ልጅ ከጤና ተቋሙ የሚሰጠው የታሸገ ገንቢ ምግብ ለብቻው ነበር። አንዱ 92 ግራም እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። መጀመሪያ ላይ እሽጉ ሦስት ቦታ ይካፈል ነበር፤ አያትየው አንዱን ልጅ አብልተው ሌሎቹን ማስራብ አልቻሉም። «ይህ የሱ መድኃኒት ነው፣ አታካፍሉ» የሚለው ማሳሰቢያ ያልፈታውን፣ ለሌሎቹ ሁለቱ በዚያው ሰዓት እንቁላል ወይም በሶ መቅረቡ ፈታው።

ገንዘቡ በቴሌብር እንዲላክ ታስቦ ነበር። አያትየው የሚስጥር ቁጥሩን ለማስገባት የሰው እርዳታ ስለሚፈልጉ ቁጥሩ በማግሥቱ ሦስት ሰው እጅ ገባ። ስለዚህ ወደ ባንክ ቁጠባ ደብተር ተዛወረ፤ በአሻራቸው ራሳቸው ቀርበው ያወጣሉ። ዘመናዊ ባይመስልም ለማያነቡ አሳዳጊዎች ከስልኩ የተሻለው እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

የሰኞው ነገር በቀላሉ ተፈታ። ትንሹ ልጅ አቅራቢያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ መደበኛ ክፍል ገባ። ለታመመው ልጅ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ምሳ የምታበላ ጎረቤት ተገኘች፤ ጥቂት የቡናና የስኳር ገንዘብ ይሰጣታል። ልጅቷ በተከታዩ ሴሚስተር ሰኞ መቅረቷ ቆመ።

ኪኒኑ

የቲቢ ሕክምናው 6 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለኤች አይ ቪ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ጠዋትና ማታ ይሆናል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን በሰውነት ውስጥ ስለሚቀንሰው ነው። የቲቢ መድኃኒት ካለቀ በኋላ እጥፉ ለ2 ሳምንት ይቀጥልና ወደ ቀን አንድ ጊዜ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። በቤት ውስጥ ግን አደጋው ያለው እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ልጁ ስለ ኤች አይ ቪው አልተነገረውም። አያትየው «ይህ የሳልህ መድኃኒት ነው» ብለውታል፤ ልባቸው ስለማይችል እንጂ ለመዋሸት አይደለም። ሳሉ ጠፋ፣ ክብደቱ 24 ኪሎ ደረሰ፣ የቲቢ መድኃኒቱ አለቀ። ነርሷም «የማታው ይቁም» አለች። ልጁ የሰማው ሕክምናው አለቀ የሚለውን ነው። ኪኒኑን ከአያቱ እጅ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ይይዘውና ሲወጡለት ይተፋዋል። በወራት ውስጥ የተደረገው የቫይረስ መጠን ምርመራ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 በላይ አሳየ።

ነገሩን ያወቀችው ቤት ጎብኚዋ የቅሬው እናት ናት። ከአልጋው ራስጌ የጭቃው ልስን ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ በጋዜጣ ተወትፏል። ጋዜጣው ሲወጣ ቀለማቸው የለቀቀ፣ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ኪኒኖች ወደቁ። አልተቆጣችውም፤ አያትየውንም አላስደነገጠችም። ኪኒኖቹን በወረቀት ጠቅልላ በቀጠሮው ቀን ለነርሷ አሳየቻት። ይህ ትዕግሥት ልጁ በኋላ እውነቱን እንዲናገር በር ከፍቷል።

ከዚያ የተደረገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለልጁ በዕድሜው ልክ ስለ ሕመሙ ተነገረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት የደረሱ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች እንዲነገራቸው፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲያውቁ ይመክራል። ንግግሩ በአንድ ቀን አላለቀም። መጀመሪያ «በደምህ ውስጥ የተኛ ተባይ አለ፣ ኪኒኑ እንዳይነቃ ያደርገዋል» ተባለ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስሙ ተነገረ፤ በሌላው የልጁ ጥያቄ ተሰማ። የጠየቀው «እማዬን የገደላት ይሄ ነው?» ብሎ ነው። ነርሷ አልሸሸገችውም፤ እናቱ መድኃኒቷ በጦርነቱ ስለተቋረጠባት እንደታመመች፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ግን አድጎ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ እንደሚኖር አስረዳችው። አያትየው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር፤ ይህ በዓላማ የተደረገ ነው፣ ምክንያቱም ቤት ሲገባ ጥያቄው የሚቀጥለው እሳቸው ጋ ነው።

ሁለተኛው፣ የመዋጫው ሰዓት ተቀየረ። ጠዋት አያትየው ኪኒኑን ሰጥተው ቆሎ ይዘው በማለዳ ስለሚወጡ መዋጡን የሚያይ አልነበረም። ዶሉቴግራቪር በምግብም ያለ ምግብም፣ በማንኛውም ቋሚ ሰዓት ሊወሰድ ስለሚችል ከነርሷ ጋር ተመክሮ ወደ ማታ፣ እራት ላይ ተዛወረ። ማንበብ ለማይችሉት አያት በብልቃጡ ላይ ጨረቃ ተሳለ፤ እህቱ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው ምልክት ታደርጋለች። የእህቱ ኃላፊነት እዚህ ላይ አበቃ፤ ማስዋጥ የአያትየው ሥራ ሆኖ ቀረ፤ የ14 ዓመት ልጅን የወንድሟ አስታማሚ ማድረግ የተፈታውን የሰኞ ችግር በሌላ በር መመለስ ይሆን ነበር። ሦስት ወር በየወሩ የተጠናከረ የምክር አገልግሎት ከተሰጠ በኋላ ምርመራው ሲደገም የቫይረሱ መጠን ከ50 በታች ወርዷል።

ያልተሳኩት

ለገቢ ማስገኛ ተብለው የተሰጡት የ45 ቀን ጫጩቶች ክረምቱን አላለፉም፤ ፈንግል ፈጃቸው። ክትባታቸው ተሟልቶ አልተረጋገጠም፣ ማደሪያቸውም ለደሴ ብርድ የሚሆን አልነበረም።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ የበለጠ ወጪ ያስወጣና ከነጭራሹ ያልሠራ ነው። ሐሳቡ አያትየው እንጀራ ጋግረው እንዲሸጡ፣ ሳንባው ለተጎዳው ልጅም ጭሱ እንዲቀር ነበር። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ቤቱ መብራት የሚያገኘው ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ ተስቦ ነው። ገመዱ ጋለ፣ ሽፋኑ ቀለጠ፣ ጎረቤትም ፈርቶ ነቀለው። ለእንዲህ ያለ ምጣድ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫና የራስ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ከሌሉ ምጣዱን አለመስጠት ይሻላል። ምጣዱ ተሽጦ በገንዘቡ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ፣ አንድ ኩንታል ገብስና ሽምብራ ተገዛ፤ መቁያውም ከክፍሉ ውጭ በቆርቆሮ ከለላ ሥር ሆነ። አያትየው የሚያውቁት ንግድ ስለሆነ ማንም አላሠለጠናቸውም፤ እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

በአንድ በዓል ዕርዳታ የሰጡ ሰዎች ልጆቹን አሰልፈው ፎቶ አንስተዋል። ፎቶው በስልክ ተዘዋወረና ትምህርት ቤት ሴቷን ልጅ «የእርዳታ ልጅ» ያሏት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ተከልክሏል፤ ለለጋሾች የሚላከው የግዢ ደረሰኝና አያትየው አሻራቸውን ያኖሩበት የርክክብ ወረቀት ነው። ሁለት ለጋሾች በዚህ ምክንያት ቀርተዋል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር።

ለሌሎች የሚሆነው

በመጀመሪያው ወር ከሩዝና ከልብስ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ አሳዳጊው በሕግ ሞግዚት ነው ወይ? ሟቾቹ የጡረታ መዋጮ ነበራቸው ወይ? ቤቱ በማን ስም ነው? ድጋፉ ለበዓል ብቻ ይሁን ወይስ ለዓመታት የሚለውን የሚወስነው የሦስቱ መልስ ነው። ቤተሰቡ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን መክፈል ከማይችሉት ጋር እንዲመዘገብም ቀበሌው የሚመለምልበትን ወቅት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወቅቱ ካለፈ ዓመት ያስጠብቃል። የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነፃ ቢሆንም የሌላው ሕመም ወጪ ቤቱን ያናጋዋል።

መድኃኒት በሚለወጥበት፣ በሚቀነስበት ወይም በሚቆምበት ሳምንት ቤት ጎብኚ መሄድ አለባት። በደህናው ጊዜ በወር ሁለት ጊዜ መጎብኘት ይበቃል፤ በዚያ ሳምንት ግን በየሁለት ቀኑ ቢሆን ይመረጣል። ስትሄድም «መድኃኒትህን ወሰድህ?» ብላ ብቻ አትመለስ። ብልቃጡን ከፍታ ትቁጠር፤ የቀረው ከተሰጠበት ቀን ጋር ካልገጠመ መቆጣት ሳይሆን መጠየቅ ነው።

የገቢ ማስገኛ ሲታሰብ አሳዳጊዋ ቀድሞ የምትሠራውን ማስፋት አዲስ ሥራ ከማስጀመር ይቀድማል። ገንዘቡም በአንዴ አይቁረጥ፤ በዚህ ቤት አበሉ ሲጀመር ጥሬ ገንዘቡ ከ2,000 ወደ 1,000 ወርዶ ከግማሽ ዓመት በኋላ ቆሟል፤ እህሉ ግን ቀጥሏል።

አሁን ያለበት

ልጁ ትምህርቱን ቀጥሏል፣ ቀጠሮውን ራሱ ያስታውሳል። የቀበሌው ቤት ውል በሞግዚቷ ስም ተዛውሯል። ገና ያላለቀው የአያትየው ተተኪ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ የምትኖር የልጆቹ አክስት ፈቃደኛ ናት፤ አሁን በየበዓሉ ልጆቹን እየወሰደች ታሳድራለች፣ ስለ መድኃኒቱም በአያትየው ፊት ተነግሯታል። አያትየው ካረፉ ወይም ካቃታቸው ሞግዚትነቱ ወደ እሷ እንዲዛወር የሚቀርበው ማመልከቻ ተዘጋጅቶ ከሰነዶቹ ጋር በቅሬው ሣጥን ተቀምጧል። ሴቷ ልጅ 18 ሲሞላት የእሷ 30 በመቶ አበል ስለሚቆም ኮሚቴው ለዚያ ጊዜ የሚሆን ቁጠባ ከወዲሁ በስሟ ጀምሯል።